የወደቀውን የሚያነሣ ካሚዮን ታሪክ፤ አሮጌውንም ስለ ማደስ

ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተነገረው የመመለስ ዓመት ነው። ርስቱ የተሸጠበት ወደ ርስቱ፤ በባርነት የተያዘውም ወደ ወገኑ የሚመለስበት ሃምሳኛው ዓመት ነው። ስለዚህ የአንድ ደብር ኢዮቤልዩ ሲከበር የደብሩን ታሪክ ከመጻፍ ጋራ፤ ያረጀ ነገር ወደ ቀድሞ ሥራው እንዴት እንደሚመለስ የሚናገር ታሪክ ቢጨመርበት ከበዓሉ ጠባይ የወጣ አይሆንም። ነገር ግን ከዚህ በታች የሚነገረው ስለ ብራና መጽሐፍ ወይም ስለ መቅደስ ሥዕል አይደለም፤ ስለ አንድ የጦር ካሚዮን ነው። አንዳንድ ሰው የጦር ካሚዮንን ከቤተ ክርስቲያን ምን አገናኘው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። መልሱ ይህ ነው፤ ይህ ካሚዮን መድፍ አይተኵስም፤ ጥይት አያዘንምም። ሌላው ካሚዮን ወይም ታንክ ጭቃ ሲውጠው፤ ገደል ሲገባ፤ ሞተሩ ሲሰበር፤ ሄዶ ይስበዋል፤ ያነሣዋል፤ ወደሚጠገንበትም ስፍራ ያደርሰዋል። በሬው በሰንበት ቀን ጕድጓድ የገባበት ሰው ነገር በሉቃስ ወንጌል ተነግሯል፤ በጦር ሜዳ ያን የመሰለ ሥራ የተሰጠው ይህ ካሚዮን ነው።

ነገሩ የእንግሊዝ አገር ነገር ስለ ሆነ ዓመቱ በኤውሮፓ አቈጣጠር ተጽፏል፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ግን ዓ.ም. የሚል ተጨምሮበታል።

ከባድ ነገርን ከወደቀበት አንሥቶ መጐተት በአገራችን ታሪክም ስፍራ ያለው ሥራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ ጕዞው ወራት ፈጀ። ያን ጊዜ የነበረው ሞተር የሰው ትከሻ ነው፤ ገደሉ እየተናደ ጥርጊያ መንገድ ይወጣል፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋራ ድንጋይ ያነሡ ነበር። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ከዚያ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባለው አርመናዊ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ስሙ በሕዝብ አፍ ቀረ። እንግዲህ በጕልበት መጐተትን ከመኪና መጐተት የሚለየው ዘመን እጅግ አጭር እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

መቅደላ በተያዘበት በዚያው በ1868፤ ሎውረንስ ጋርድነር የሚባል ሰው በማንቸስተር ከተማ ትንሽ የሥራ ቤት ከፈተ። መዠመሪያ የልብስ ስፌት መኪና ይሠራ ነበር ይባላል። ልጆቹ ሥራውን አስፋፍተው ወደ ሞተር ተመለሱ፤ በ1930ዎቹም መዠመሪያ ያወጡት የናፍታ ሞተር በካሚዮንም፤ በአውቶቡስም፤ በጀልባም ላይ የታመነ ሆነ። ታሪኩ የሚነገርለት ካሚዮን ልቡ ይህ ሞተር ነው። ስድስት ሲሊንደር አለው፤ ይዘቱ 8.4 ሊትር፤ ጕልበቱ በደቂቃ 1700 ዙር ሲዞር 102 የፈረስ ጕልበት ነው። የዛሬ ሰው ይህን ቢሰማ ይሥቃል፤ ምክንያቱም ዛሬ ትንሿ የቤት አውቶሞቢል ከዚህ የበለጠ የፈረስ ጕልበት አላት። ነገር ግን የአውቶሞቢሏ ፈረሶች የግልቢያ ፈረሶች ናቸው፤ የጋርድነር ፈረሶች የእርሻ በሬዎች ናቸው ቢባል ለነገሩ ይቀርባል። ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ቀስ ብሎም ሲዞር ኀይሉ አይጐድልም፤ ናፍታም አያባክንም።

ካሚዮኑን የሠራው ደግሞ ስካሜል የሚባለው ኩባንያ ነው። ፋብሪካው በ1922 ከለንደን ወደ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በዋትፎርድ ከተማ ተቋቋመ። ኦሊቨር ኖርዝ የሚባል መሐንዲስ በ1927 መንገድ በሌለበት አገር፤ በዘይት ጕድጓድና በጫካ የሚሠራ አንድ ካሚዮን አሰበ፤ ስሙንም «ፓዮኒር» አለው፤ በእኛ ቋንቋ መንገድ ጠራጊ፤ ቀዳሚ እንደ ማለት ነው። የዚህ ካሚዮን ጥበብ ያለው በኋላ እግሩ ነው። ስድስት ጎማ ሲኖረው ከኋላ ያሉት አራቱ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሆነው ይቆማሉ። እንደ ሌሎቹ ካሚዮኖች ለእያንዳንዱ ጥንድ ጎማ ለብቻው ዲፈረንሲያል አላደረገም። አንድ ዲፈረንሲያል በመካከል አድርጎ፤ በግራና በቀኝ ጫፍ እንደ ሚዛን ዘንግ በመካከሉ ተይዞ የሚወዛወዝ ረዥም የብረት ሣጥን አበጀ። በሣጥኑ ውስጥ ጥርስ ከጥርስ የተያያዙ ማርሾች ተደርድረው ኀይሉን ለፊተኛውም ለኋለኛውም ጎማ ያካፍላሉ። እንግዲህ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ጕድጓድ ውስጥ ይወርዳል፤ እንደ ሚዛን አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፤ ሁሉም ግን መሬቱን አይለቅም። የፊቱም አክስል እንዲሁ በመካከሉ ተይዞ በአንድ አግድም ባሌስትራ ላይ ይወዛወዛል። ከፊት ጎማዎች ኀይል ያለው አንድ ስንኳ የለም፤ ሆኖም ካሚዮኑ ብዙ ባለ ስድስት ጎማ ኀይል መኪናዎች በቀሩበት ስፍራ ያልፍ ነበር። ጭቃው ሲብስ ደግሞ በኋላ ጎማዎቹ ላይ የብረት ሰንሰለት እንደ ታንክ እግር ይታሰርበታል።

የእንግሊዝ ሠራዊት ይህን መሣሪያ በሦስት መልክ ያዘው፤ መድፍ ሳቢ፤ ታንክ ተሸካሚ፤ የተሰበረ አንሺ አድርጎ። የዚህ ጽሕፈት ነገር ሦስተኛው ነው። በ1939 የወጣው ዓይነት ከኋላው ወደ ውጭ የሚንሸራተት ክንድ ያለው ክሬን ተተክሎበታል፤ ክንዱ ሲያጥር እስከ 3 ቶን ገደማ ያነሣል፤ በረዘመ መጠን የሚያነሣው ይቀንሳል። ክሬኑ የሚሠራው በሞተር አይደለም፤ በሰው እጅ በሰንሰለት ነው። ከአልጋው በታች ግን በሞተሩ ኀይል የሚዞር፤ 8 ቶን የሚስብ የብረት ገመድ መጠቅለያ ከበሮ አለው። በኋላው ከባድ ነገር ሲያንጠለጥል ፊቱ ከመሬት ቀና እንዳይል በአፍንጫው ላይ የብረት ክብደት ይጫንበታል። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከአንድ ሺህ በላይ ተሠርቷል።

በ1940 የእንግሊዝ ጦር ከፈረንሳይ በደንከርክ በኩል በባሕር ሲወጣ ካሚዮኖቹን ከሞላ ጐደል ሁሉንም በዚያ ጥሎ ስለ ሄደ፤ ብዙዎቹ በጀርመኖች እጅ ገብተው ለጠላት የሚሠሩ ሆኑ። ፋብሪካው የጐደለውን በፍጥነት መተካት ስላልቻለ እንግሊዞች ከአሜሪካ ዳይመንድ ቲ እና ዋርድ ላፍራንስ የሚባሉትን ማንሻ ካሚዮኖች ተቀበሉ። በእኛም አገር በ1933 ዓ.ም. ከኬንያ ተነሥቶ በሶማልያ በኩል ወደ ሐረርና ወደ አዲስ አበባ የመጣው ጦር የሄደው በካሚዮን ነው፤ በጎጃም በኩል ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ የገባው ጦር ግን ስንቁን የጫነው በግመል ነበር፤ ከግመሎቹም የሚበዙት በመንገድ አለቁ። የወደቀ ግመል የሚያነሣው የለም። ካሚዮን ግን አንሺ ካገኘ እንደ ገና ይሄዳል፤ የጦር አለቆችም ይህን ልዩነት የተማሩት በብዙ ኪሳራ ነው።

ትምህርቱ የከበደው በሰሜን አፍሪቃ በረሓ ነው። በ1941 በሊቢያ በተደረገው ውጊያ ጀርመኖች የተመታ ታንካቸውን በሌሊት ጐትተው ወስደው ጠግነው በማግሥቱ ያሰልፉት ነበር፤ እንግሊዞች በዚህ ሥራ ወደ ኋላ ቀርተው ነበርና ብዙ ዋጋ ከፈሉ። ከዚህ በኋላ ጥገናውንና ማንሣቱን ለአንድ አለቃ የሚገዛ ጭፍራ ማቋቋም አስፈለገ። የንጉሡ የኤሌክትሪክና የመኪና መሐንዲሶች ጭፍራ በኦክቶበር 1 ቀን 1942 ተመሠረተ። ቀኑ በእኛ አቈጣጠር መስከረም 21 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው፤ የግሸን ማርያም በዓል የሚውልበት ዕለት። እንግሊዞች ይህን አስበው አላደረጉትም፤ ነገር ግን የእኛ ሰው ቀኑን ሲያይ ሳያስተውለው አያልፍም። ከሦስት ሳምንት ጥቂት አለፍ ብሎ የኤል ዐላሜይን ጦርነት ተዠመረ።

ስለ እነዚህ ካሚዮኖች የሚጻፈው ብዙው ስለ ብረቱ ነው፤ በመሪው ላይ ስለ ተቀመጡት ሰዎች የሚጻፈው ጥቂት ነው። ሠራተኞቹ ፈንጂ ወደ ተቀበረበት፤ መድፍ ወደ ተነጣጠረበት ሜዳ መግባት ነበረባቸው፤ ምክንያቱም ታንክ የሚወድቀው ሌላው ሰው ከሸሸበት ስፍራ ነው። ከዚህም የሚከብድ ነገር ነበረ። የተቃጠለ ታንክ ሲሳብ በውስጡ የሞቱት ሰዎች አሉ። ታንኩ ተጠርጎ፤ ተጠግኖ፤ ሌሎች ልጆች ይገቡበታል። ሬሳውን ማን ያውጣ? ሌስሊ ስኪነር የሚባል፤ የሜቶዲስት ቄስ፤ ሸርውድ ሬንጀርስ ለሚባለው የታንክ ክፍል ቄስ ሆኖ በ1944 ወደ ኖርማንዲ ዘምቶ ነበር። ይህ ቄስ በተቃጠሉት ታንኮች ውስጥ ራሱ እየገባ የሞቱትን ያወጣ፤ በብርድ ልብስ ይጠቀልል፤ ይቀብር ነበር። ወታደሮቹ ሊረዱት ሲሉ ከለከላቸው፤ እንደዚያ ባለው ታንክ ነገ የሚገቡት እነርሱ ናቸውና እንዲያዩ አልወደደም። ሃይማኖቱ ከእኛ የተለየ ነው፤ ሥራው ግን ጦቢት በነነዌ የወገኖቹን ሬሳ ሲቀብር የሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ዛሬ ከእነዚህ ካሚዮኖች አንዱን አድሶ ሲያቆም፤ ያቆመው ብረት ብቻ እንዳይመስለው ያስፈልጋል።

ጦርነቱ ሲያልቅ ካሚዮኖቹ ተሸጡ። አንዳንዶቹ በሠራዊቱ ዘንድ ለብዙ ዘመን ቈዩ፤ ቀሪዎቹን ግን የገራዥ ባለቤቶች፤ ግንድ ጐታቾች፤ የትርዒት ሰዎች ገዟቸው። ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም ተቀቡ፤ የባለቤቱም ስም በጎናቸው ተጻፈ። ከዚያ አረጁ፤ በጓሮም ተጣሉ፤ ሣር በቀለባቸው። በዋትፎርድ የነበረው ፋብሪካ በ1988 ተዘጋ፤ የጋርድነርም ሞተር መሠራቱ በ1990ዎቹ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ስካሜል የሚያድስ ሰው «አዲስ ዕቃ ላኩልኝ» ብሎ የሚጽፍለት ኩባንያ የለውም። ዕቃ የሚገኘው ከሞተ ካሚዮን ነው፤ ወይም ከአሮጌ ጀልባ፤ የጋርድነር ሞተር በእንግሊዝ ወንዞች በሚሄዱ ጀልባዎች ላይ እስከ ዛሬ ይወደዳልና። ከዚህም ካልተገኘ እንደ ገና ቀልጦ ይፈሰሳል፤ በሞረድም ይቀረጻል።

ማደሱ እንዴት እንደሚሠራ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው መታደስ ማለት ቀለም መቀባት ይመስለዋልና።

መዠመሪያው ሥራ ትዕግሥት ነው። ለብዙ ዓመት የቆመ ሞተር ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋራ በዝገት ተጣብቆ ይገኛል። ሰነፍ ሠራተኛ በሌላ መኪና አስጐትቶ በግድ ሊያዞረው ይሞክራል፤ ያን ጊዜ ለሰባ ዓመት ያልተሰበረው በአንድ ቀን ይሰበራል። ዐዋቂው ግን ናፍታ የሚረጩትን አፍንጫዎች ይፈታል፤ በቀዳዳው ቀጭን ዘይት ያፈስበታል፤ ትቶትም ይሄዳል። በሳምንቱ ተመልሶ ይሞክረዋል፤ ባይነቃነቅ ደግሞ ያፈስበታል። ወር የፈጀም አለ። ሲነቃነቅም የአንድ ጣት ያህል ወዲህና ወዲያ እያሉ ነው እንጂ ባንድ ጊዜ አይዞርም። የጋርድነር ሞተር ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ጓዝ የተሠሩ ስለ ሆኑ፤ አንዱ ወገን ቢበላሽ ሌላውን ሳይነኩ ማውጣት ይቻላል፤ ይህም የሠሪዎቹ አርቆ ማየት ነው።

የተፈታው ሁሉ ይታያል። በሚዛን ሣጥኖቹ ውስጥ ያለው ዘይት ሲቀዳ ብዙ ጊዜ ከዘይቱ በፊት ውሃ ይወጣል፤ ውሃው ከቈየ ማርሾቹንና ኩሽኔታዎቹን በልቷቸዋል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ሽፋን በዚያ ዘመን ከአስቤስቶስ ይሠራ ነበር፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው አቧራውን በአፉ እፍ ብሎ ያራግፈው ነበር። ዛሬ ይህ አቧራ ሳንባን የሚገድል እንደ ሆነ ስለ ታወቀ በደረቁ አይጠረግም፤ አፍንጫና አፍ ሳይሸፈንም አይነካም።

እነዚህን የዕቃ ስሞች የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ፍሪሲዮን፤ ካምቢዮ፤ ኩሽኔታ፤ ባሌስትራ፤ ቡሎን፤ ጎማ፤ እነዚህ ሁሉ የኢጣልያ ቃላት ናቸው። ብዙዎቹ የገቡት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በያዘበት ጊዜ ከመንገዱና ከካሚዮኑ ጋራ ነው። ጠላት ወጣ፤ ቃሉ ግን በገራዥ ቀረ። ሠራተኞቻችን የተጣለውን የጠላት ካሚዮን አንሥተው፤ ፈትተው፤ ገጥመው ሲሠሩበት ስሙንም ወሰዱት፤ ከምርኮ የሚቈጠር ነው። የስካሜል ካሚዮን የእንግሊዝ ሲሆን የአካሉ ስም በአማርኛ ሲጻፍ ኢጣልያዊ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የብረት ገመዱ ነው። ገመዱ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተገመደ ስለ ሆነ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ የሚያድሰው ሰው ገመዱን ከከበሮው እስከ ጫፉ ይዘረጋዋል፤ ክንድ በክንድ እያየ፤ የተበጠሰ ሽቦ፤ የተጣመመ ስፍራ፤ ዝገት ቢያገኝ ለመሳብ አይጠቀምበትም። ስለ አሮጌው መልክ ብሎ አሮጌ ገመድ ማቈየት ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ነፍስ ማጥፋት ነው። የተወጠረ የብረት ገመድ ቢበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ያገኘውን ሰው ይቈርጣል። በመዘዋወሪያ ሲሠራ ደግሞ ኀይሉ ይበዛል፤ ከሚሳበው ዕቃ ላይ አንድ መዘዋወሪያ ታስሮ ገመዱ በእርሱ ዙሮ ወደ ካሚዮኑ ቢመለስና ጫፉ ቢታሰር፤ 8 ቶን የሚስበው ከበሮ በመፋተግ የሚጠፋው ሲቀነስለት ወደ 16 ቶን የሚጠጋ ይስባል፤ ነገር ግን በግማሽ ፍጥነት ነው። ካሚዮኑ ራሱ ወደ ወደቀው እንዳይሳብ ጎማው ይታገዳል፤ ወይም ከኋላው ከሥር ከሰደደ ነገር ጋራ ይታሰራል። በተወጠረ ገመድ ላይ ማንም አይራመድም፤ በመስመሩም አይቆምም። ይህ ሕግ በሠራዊት የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሲሆን፤ ለማየት በተሰበሰበ ሕዝብ ዘንድ ግን ማንም አያስበውም፤ ስለዚህ ገመዱ ሳይወጠር በፊት አንድ ሰው ሕዝቡን እንዲያርቅ ይመደባል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ፤ ክርክሩ የሚበዛው በዚህ ነው። የአንድ ስካሜል ጎን በቀስታ ሲፋቅ ቀለሙ እንደ ተፋቀ ብራና ዘመን በዘመን ላይ ተደራርቦ ይገኛል። ከላይ የገራዡ ቀይ፤ ከዚያ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የተቀባው ጥቍር መሳይ አረንጓዴ፤ ከዚያ በ1944 የታዘዘው የወይራ ቀለም፤ ከዚያ ከ1942 ወዲህ የነበረው ቡኒ፤ ከሁሉ በታች የጦርነቱ መዠመሪያ አረንጓዴ። በበረሓ የነበረ እንደ ሆነም አሸዋማ ቀለም በመካከል ይገኛል። አንዳንድ ጊዜ ከቡኒው በታች የሠራዊቱ ቍጥርና የክፍሉ ምልክት ይወጣል። ይህ ቍጥር ካሚዮኑ ከማን ጋራ እንደ ነበረ የሚናገር ብቸኛ ምስክር ነው፤ የሚቸኵል ሰው በእሳት መፋቂያ ወይም በአሸዋ ንፋስ ባንድ ከሰዓት በኋላ ያጠፋዋል።

ታዲያ ወደ የትኛው ዘመን ይመለስ? አንዳንዱ ወደ ፋብሪካው በር ይላል፤ አንዳንዱ ወደ ኖርማንዲ፤ አንዳንዱም የገራዡ ቀይ ራሱ ታሪክ ነው፤ አርባ ዓመት በመንገድ የወደቀውን ያነሣው በዚያ ቀለም ነው ይላል። ሦስቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን የሚሻለው መንገድ አንዱን ዘመን በማስረጃ መርጦ መቀባት፤ በማይታይ ስፍራም የአንድ መዳፍ ያህል ሳይቀባ ትቶ የቀለሙን ድርብርብ ሁሉ ለሚመጣው ትውልድ ማቈየት፤ የተገኘውንም ሥዕል አንሥቶ መጻፍ ነው። ይህ ነገር ለካሚዮን ብቻ አይደለም። በአገራችን በየደብሩ በዓል ሲደርስ መቅደስ ይታደሳል ተብሎ የጥንቱ ሥዕል በዘይት ቀለም ላዩ ላይ እየተደገመ፤ የጥንቱ ጸሐፊ ስምና ያሣለው ሰው መታሰቢያ ከሥር ተቀብሮ የቀረበት ስፍራ ብዙ ነው። ሰዎቹ ክፉ አላሰቡም፤ ለክብሩ ብለው ነው። ይሁን እንጂ ያልታየው ተሸፍኖ ይቀራል፤ ከተፋቀም አይመለስም።

ሌላው ክርክር ስለሚለወጠው ዕቃ ነው። ጎማው አዲስ፤ ገመዱ አዲስ፤ ወንበሩ አዲስ፤ ከሌላ ካሚዮን የመጣ ፒስቶን፤ እንደ ገና የፈሰሰ ማርሽ፤ ታዲያ ያው ካሚዮን ነውን? የሣር ክዳን ያለውን ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቸገርም። ሣሩ በየጊዜው ይለወጣል፤ ምሰሶውም ሲነቅዝ ይተካል፤ ደብሩ ግን ያው ደብር ነው፤ ምክንያቱም አገልግሎቱ አልተቋረጠም፤ የሚለውጡትም ሰዎች ምን እንደ ለወጡ ያውቃሉ። የሚያሳፍረው ዕቃ መለወጥ አይደለም፤ የተለወጠውን ያልተለወጠ አስመስሎ መናገር ነው። ደኅና አዳሽ የሚለውጠውን ሁሉ ከነቀኑ በመዝገብ ይጽፋል፤ አሮጌውንም ዕቃ ስሙን ጽፎ በሣጥን ያኖረዋል። ያ መዝገብ ከቀለሙ ይልቅ ዋጋ ያለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የሰው ነገር ነው። የፓዮኒር ካምቢዮ ስድስት ማርሽ አለው፤ እንደ ዛሬዎቹም ማርሹን የሚያስማማ መሣሪያ የለውም። ነጂው ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይለቃል፤ የሞተሩን ድምፅ ያደምጣል፤ ደግሞ ይረግጣል፤ ድምፁ ሲስማማ ያስገባል። ካልሰማ ማርሹ ይጮኻል። ይህ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ ነገር ግን በመጽሐፍ የተማረው ማንም የለም። በእንግሊዝ አገር ካሚዮኖቹን የሚያድሱት የሚበዙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከነርሱም ጥቂቱ በወጣትነቱ በሠራዊት ውስጥ የነዳ ነው። ወጣቱ አጠገባቸው ተቀምጦ በጆሮው ይማራል፤ ልክ የዜማ ተማሪ ከመሪጌታው አፍ እንደሚቀበለው ነው። ሽማግሌው ሳያስተምር ቢሞት መጽሐፉ ይቀራል፤ ካሚዮኑም ይቀራል፤ ማርሹ ግን ይጮኻል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ማኅበሮች ዛሬ ዕቃ ከመፈለግ ይልቅ ልጅ መፈለግ ይዘዋል።

ሞተሩን ማስነሣት የሚማሩትም እንዲሁ ነው። የጋርድነርን ሞተር ያለ ባትሪ በእጅ ማስነሣት ይቻላል። ናፍታው በእጅ ይገፋል፤ በየሲሊንደሩ ያለው አየር እንዳይታመቅ መክፈቻው ይከፈታል፤ አንድ ብርቱ ሰው ወይም ሁለት ከፊት ሆነው በመዘውሩ ያዞሩታል። ፍጥነት ሲይዝ መክፈቻው ይዘጋል። መዘውሩ የሚያዝበት አያያዝ አለው፤ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋራ በአንድ ወገን መሆን አለበት፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ አውራ ጣትን ይሰብራልና። ይህን የማያውቅ ጐልማሳ ሁሉ በዙሪያው ጨብጦ ሲይዘው ሽማግሌዎቹ ይጮኹበታል።

ታድሶ የቆመ ካሚዮን ቆሞ አይጠበቅም። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ተነሥቶ እስኪሞቅ ድረስ መሥራት፤ ጥቂትም መሄድ ይገባዋል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ሳይሞቅ ማጥፋት ግን በውስጡ ውሃ ስለሚያፈራ ካለማስነሣት ይብሳል። ግራሶው በየመጋጠሚያው ይሞላል። ገመዱ ተዘርግቶ፤ ዘይት ጠጥቶ፤ ረድፍ በረድፍ ሳይደራረብ ይጠቀለላል። የእንግሊዝ አገር ብርድ ወር ሲገባ ደግሞ ውሃው ከራዲያተሩም ከሲሊንደሩም መክፈቻ ሁሉ ይቀዳል፤ በአንድ ሌሊት የረጋ ውሃ ሲሊንደሩን ይሰነጥቀዋልና። መክፈቻው በዝገት ተደፍኖ ውሃው ሳይወጣ የወጣ እንዳይመስል ሽቦ ይከቱበታል። ከዚያም በመሪው ላይ «ውሃ የለውም» የሚል ወረቀት በገመድ ያንጠለጥላሉ።